ገንፎ በላ የተባለው አባት

አንድ ሰው ነበረ፤ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ወጣቶች መሪ ነበረ። ታሪኩን የሰማሁት ከራሱ አፍ ነው፤ ነገር ግን ከሰማሁት ቆይቷልና አንዳንዱን አዛብቼ አስታውሼ ይሆናል። መንደሩ ከወንዙ ወዲህ ይሁን ወዲያ፣ ነገሩ የሆነው ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ይሁን በኋላ እርግጠኛ አይደለሁም። ለእህት ዘውድነሽም ይህንኑ አስቀድሜ ነገርኳት።

እሷ የመጣችው ታሪክ ልትሰማ አልነበረም። እናቷ አርፈው ከተቀበሩ ሳምንት አልሞላቸውም። ታናሽ ወንድሟ ግን ከመዘምራን ጋር በእስያ ገጠር እየተዘዋወረ ስለነበር አልሰማም። በየጊዜው እየደወለ «እማዬ እንዴት ናት?» ይላል፤ እሷና ቤተሰቧም «ተሽሏታል» ይሉታል።

«መምህር፣ እስኪመለስ ብንደብቀው ምን ክፋት አለው?» አለችኝ።

እንዲህ ብዬ መለስኩላት።

ያ መሪ አምስት ወጣቶችን ይዞ በሂማላያ ተራሮች ግርጌ ከመንደር መንደር ይሄድ ነበር። ጠንቃቃ ሰው ነው። ያልፈላ ውሃ አያስጠጣም፤ ድልድይ ሲያጋጥማቸው አስቀድሞ ራሱ ይሻገራል፤ ሲመሽ የሁሉንም እግር እያየ አልቅት ይለቅማል። ከወጣቶቹ አንዱ አባቱን በጠና እንደታመሙ ትቷቸው ነበር የመጣው። ልቅር ቢል አባትዬው ራሳቸው «ሂድ፤ እኔ ከአልጋ ተነሥቼ የማመልጥህ መሰለህ?» ብለው ነው የላኩት። በየደረሱበት ስለ አባቱ ይጸልያል፤ ጓደኞቹም ያሾፉበታል።

«አባትህ ሲድኑ በግ ታርዳለህ። ካላረድክ ያልነውን አሜን መልሰን እንወስዳለን» ይሉታል።

«እናንተን በግ አያጠግባችሁም፤ ወይፈን ነው» ይላቸዋል።

አንድ ቀን መሪው ስልክ እንዲሠራለት ኮረብታ ላይ ወጣ። እዚያ ሳለ የወጣቱ ታላቅ ወንድም ደወለለት።

«አባታችን አርፏል። ዛሬ ቀበርነው። አደራህን፣ በሰው አገር ሜዳ ላይ እንዳትነግረው። ይምጣና እኛው እናረዳዋለን።»

መሪው ከኮረብታው እስኪወርድ ድረስ አሰበበት። መርዶ ወግ አለው። የሚነገረው ማለዳ ነው፤ ሽማግሌ ቀድሞ ገብቶ፣ ዘመድ ዙሪያውን ከቦ፣ ሐዘንተኛው ሲወድቅ የሚደግፈው እጅ ተዘጋጅቶ። እዚህ ማን አለው? የመኪና መንገድ ሩቅ ነው፤ ቀብሩም አልፏል። ቢነግረው ለማን ይጠቅማል? ነገሩን በዚህም በዚያም አድርጎ መዘነና ዝም ማለት ምሕረት እንደሆነ አመነ። ለአራቱ ወጣቶች ለብቻቸው ነገራቸው። አልቅሰው፣ ምንጭ ላይ ፊታቸውን ታጥበው ተመለሱ።

ወጣቱ ወደ ቤት ሲደውል ስልኩን የምታነሳው እህቱ ነበረች። መጀመሪያ «አጥሚት ጠጣ» አለችው። ቀጥሎ «ገንፎ በላ» አለችው። ከዚያ በኋላ ደግሞ «ተላጭቶ በረንዳ ላይ ተቀምጧል። ሬዲዮኔን ማን ነካብኝ ብሎ ይቆጣል» አለችው። ውሸት ብቻዋን መቆም ስለማትችል በየቀኑ አዲስ ምርኩዝ ትፈልጋለች። ወጣቱ በሩዝ እርከኖቹ መካከል እየሮጠ ወረደና «አባዬ መቆጣት ጀመረ» አላቸው። አራቱ አቀፉት። መሪውም አቀፈው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የወጣቱ ልመና ምስክርነት ሆነ። በየመንደሩ እየተነሣ «ሐኪሞች ተስፋ ቆርጠውበት ነበር፤ እግዚአብሔር ግን ሰማኝ» ይላል። አብሯቸው የሚዞረው አስተርጓሚ ይተረጉማል። እውነቱን የሚያውቁት «አሜን» ይላሉ፤ ዝም ቢሉ ይጠረጥራላ።

አንድ መንደር ላይ ምእመናን በአንድ ሰው ግቢ ተሰብስበው ሳለ የጎረቤቱ ገበሬ መጣ። ሚስቱ በቅርቡ ወልዳ ትኩሳት ይዟታል። በዚያ አገር በሽተኛ የሚወርደው በቅርጫት ታዝሎ ነው፤ የቅርጫቱ ማንገቻ በተሸካሚው ግንባር ላይ ያርፋል። ገበሬው ቅርጫቱን ጭድና ብርድ ልብስ አንጥፎበት፣ ማንገቻውን አስሮ፣ ከታች ካለው ጤና ኬላ እስኪደርሱ እየተፈራረቀ የሚያዝልለት ሰው ፍለጋ ነበር የመጣው። መዝሙር ሲሰማ ቅርጫቱን አጥሩ ሥር አስቀምጦ ቆመ። ወጣቱ ሲመሰክር ሰማው። ሲያበቃ ተጠግቶ በአስተርጓሚው በኩል ጠየቀው።

«አባትህ ምን ያህል ታሞ ነበር?»

«ወደ ቤት ውሰዱት ተብሎ ነበር።»

«አሁንስ?»

«ገንፎ ይበላል። ይቆጣል።»

ገበሬው ሳቀ። «የሚቆጣ ሰውማ ድኗል» አለ። ቀጠለና «እኔም ቤት ገብታችሁ ጸልዩልኝ። ሳነሳት እንኳ ትጮኻለች፤ በዚያ ገደል ለምን አንገላታታለሁ?» አለ።

መሪው ጣልቃ ገባ። «ጸሎቱም ይሁን፣ ሐኪምም ይያት» አለ።

«የዚህን ልጅ አባት ሐኪሞች ተስፋ ቆርጠውበት አልነበረም?» አለ ገበሬው።

ለዚህ ጥያቄ መልሱ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም መሪው አፍ ውስጥ ነበረ። ወጣቱን አየው፤ ፊቱ በርቷል። መርዶ እንዲህ ባለ ቦታ አይነገርም ብሎ አሰበ፤ እንግዳ ሰው ፊት፣ ጎሽ የታሰረበት ግቢ ውስጥ፣ በቀትር። ጥቂት ቀን ቢታገስ አገሩ ይገባል። ዝም አለ። ገበሬው ጎንበስ ብሎ ማንገቻውን ከቅርጫቱ ፈታ፤ ጠቅልሎም መታጠቂያው ውስጥ ሻጠው።

ገብተው ጸለዩ። ከሁሉም ረዝሞ የጸለየው ወጣቱ ነው። በማግሥቱ ሴትዮዋ ሞተች።

ገበሬው አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላቸው ነበር። ሬሳው ከወጣ በኋላ ወጣቱ ፊት መጥቶ ተቀመጠና የምር መልስ እንደሚፈልግ ሰው ጠየቀው።

«አባትህ ምን ቢያደርግ ነው የተሰማለት? እኛ ምን ጎድሎን ነው?»

አስተርጓሚው አንገቱን ደፍቶ ተረጎመ። ወጣቱ ወደ መሪው ዞሮ «ጋሼ፣ ምን ልበለው?» አለ።

በዚያን ጊዜ መሪው፣ ሽማግሌ ሳይልክ፣ ዘመድ ሳይጠራ፣ «አባትህ አርፈዋል። ከተቀበሩ ሰንብተዋል» አለው።

አራቱ ሊደግፉት ተነሡ። እሱ ግን አልወደቀም። አንድ በአንድ አያቸው።

«ገንፎውስ?» አለ።

ወደ አስተርጓሚው ዞረና «አባቴ ምንም አላደረገም በለው። ሞቷል በለው» አለ። አስተርጓሚው ነገረው። ገበሬው ቅሬታ ይሁን ሐዘን በማይለይ ዓይን ወጣቱን አተኩሮ አየው። ከዚያ ከቤት ውስጥ ሕፃኑ አለቀሰ፤ ተነሥቶ ገባ።

ሲመለሱ በመንገድ ላይ እርስ በርስ ይጽናኑ ነበር። «የአገሩ በዓል ሰሞን ስለነበር ጤና ኬላው ዝግ ይሆን ነበር። ቢያወርዳትም ያው ነው» ይሉ ነበር። መሪው እስከ ዛሬ የሚኖረው ይህንን ይዞ ነው። ወጣቱ ቤተ ክርስቲያን መምጣቱን አልተወም፤ ነገር ግን ሰው ሲጸልይ አሜን አይልም።

እዚህ ላይ ወደ እህት ዘውድነሽ ዞርኩ። ዓይኗን ከወለሉ አላነሳችም።

«ያቺ ስልክ የምታነሳው እህት አንቺ ነሽ» አልኳት።

«እኛ እኮ አዝነንለት ነው።»

«እነሱም አዝነውለት ነው፤ በታሪኩ ውስጥ ያላዘነ ሰው የለም። ሐዘኑን ያስቀረሽለት ይመስልሻል፤ ሐዘኑ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። እስከዚያው የሰጠሽው ‹ተሽሏታል› የምትለዋን ቃል ነው። ከእህቱ አፍ ስለወሰዳት አይመረምራትም። ለተቸገረ ሁሉ እንደ እንጀራ ይቆርስለታል፤ የሚበላው ማን እንደሆነ አንቺም እኔም አናውቅም።»

«ታዲያ ብቻውን ሆኖ ይስማ?»

«አሁንም ብቻውን ነው። አላወቀም እንጂ።»

ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። ደውላለት እንደሆነም አልጠየቅኋትም።

ስለ ጤና ኬላው የነገርኳት እንደሰማሁት ነበር፤ ሳላጣራ መናገሬ ግን አላስተኛኝም። ቆይቼ ያንን አስተርጓሚ በሰው በሰው አፈላልጌ በስልክ አገኘሁት። በዓሉ የዋለው ከዚያ በኋላ ነው። ገበሬው ማንገቻውን በፈታበት ቀን ጤና ኬላው ክፍት ነበር፤ አዋላጇም እስኪመሽ እዚያው ነበረች።