ዝናብ የሚያቋርጠው ትምህርት

አንድ አንጋፋ አርክቴክት ነበሩ፤ ጋሽ ስንሻው ይባላሉ። ማኅደር የምትባል ረዳት ነበረቻቸው። ማኅደር ዩኒቨርሲቲ ገብታ አምስት ዓመት አርክቴክቸር ተምራለች፣ በእሳቸው ቢሮ ደግሞ ሦስት ዓመት ሠርታለች። አሁን የቀራት የሙያ ፈቃድ ፈተና ነው። ፈቃዱን ካገኘች በራሷ ስም ንድፍ ትፈርማለች።

ሕጉን፣ የብረቱን ስሌት፣ የደረጃውን ልክ ሁሉ ሸምድዳለች። ለፈታኞቹ የምታሳየው ሥራም አላት፤ ዝናብ በማይለየው አንድ ሩቅ ከተማ በእሷ ንድፍ የተሠራ ትምህርት ቤት። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ውስጡ ብርሃን የሞላበት ነው። በመጀመሪያው ንድፍ ላይ የነበረውን ኮርኒስ ያስቀረችው እሷ ናት፤ የጣሪያው እንጨት እንደ ወፍ ክንፍ ተዘርግቶ እንዲታይ ብላ።

ፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው የሥራ ልምድ ማስረጃዋን ለማስፈረም ወደ ጋሽ ስንሻው ገባች። እሳቸውም የትምህርት ቤቱን ፎቶዎች አንድ በአንድ አዩ።

«ሁሉም ላይ ፀሐይ ነው» አሏት። «ዝናብ ሲዘንብ ውስጡ ተቀምጠሽ ታውቂያለሽ?»

«አያፈስም ጋሼ። አንድ ጠብታ እንኳ አልገባም ብለው ከትምህርት ቤቱ ጽፈውልናል።»

«እሱን አልጠየቅኩሽም። ሂጂና ተቀመጪ። ስትመለሺ እፈርምልሻለሁ።»

ማኅደር ተናደደች፤ የጥናት ጊዜዋ ሊባክን ነው። ቢሆንም ሄደች።

ዝናብ አይለየውም የተባለው ከተማ ሁለት ቀን ሙሉ ጠራራ ፀሐይ ሆነባት። ሦስተኛ ክፍል ውስጥ፣ ከተማሪዎቹ ኋላ ተቀምጣ የፈተና መጽሐፏን ስታነብ ዋለች። በሦስተኛው ቀን ጉም ከጫካው ተነሥቶ በመስኮቱ ገባ። ግድግዳው ቀስ በቀስ የጠፋ መሰለ። ልጆቹ ሁሉ ወደ ላይ አንጋጠጡ።

«ቲቸር፣ ቶሎ ቶሎ ይበሉ! ሊመጣ ነው!» አለች አንዲት ተማሪ።

መምህርት ማንጠግቦሽ ስለ ወንዞች እያስተማሩ ነበር። ንግግራቸውን አፈጠኑ፤ ዝናቡ ግን ቀደማቸው። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሌላው ድምፅ ሁሉ ተጠራርጎ ሄደ። የመምህርቷ ከንፈር ለጥቂት ጊዜ ተንቀሳቀሰ፤ ምንም አልተሰማም። ከዚያ መጽሐፉን አጥፈው ተቀመጡ። ልጆቹም አገጫቸውን ዴስኩ ላይ አሳረፉ። ዓይናቸው እንደተከፈተ ነው፤ የሚያዩት ግን ሌላ ቦታ ነበር። ማኅደር ከባሕር ሥር የተቀመጠች መሰላት። ከላይ ውኃው ያጉረመርማል፤ ከታች አርባ ልጆች እንደ ዓሣ ዝም ብለዋል። እንዲህ የሚያምር ነገር አይታ አታውቅም። ሰዓቷን ስታይ ግን ክፍለ ጊዜው አልቋል።

ዝናቡ ሲያባራ ወደ መምህርቷ ቀረበች።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው?»

«ሲመጣ እናቆማለን፣ ልጄ። ለምደነዋል» አሉ። «ወንዞቹን ከጀመርን ይኸው ሦስተኛ ሳምንታችን። ቤቱ ግን ያምራል፤ የሠራውን ሰው እግዜር ይስጠው።»

ማኅደር መሬት መሬቱን አየች። ዝም ብላ መሄድ ትችል ነበር።

«የነደፍኩት እኔ ነኝ። ድምፁን የሚያበርድ ኮርኒስ ነበረው፤ ያስቀረሁትም እኔ ነኝ።»

መምህርት ማንጠግቦሽ አልተቆጡም።

«ታዲያ ያኔ ለምን አልመጣሽም?» አሉ።

ስትመለስ ጋሽ ስንሻው እንዳሉት ማስረጃዋን ፈረሙላት። የፈተናው ቀን ሦስት ፈታኞች ፊት ቆመች። የትምህርት ቤቱን ፎቶዎች ዘረጋችና «ይህ ቤት አያፈስም» አለች። «ዝናብ ሲዘንብ ግን አያስተምርም። ጥፋቱ የእኔ ነው።» ከፎቶዎቹ አጠገብ አዲስ ንድፍ አስቀመጠች፤ ከቆርቆሮው ሥር የሚገጠም የቀርከሃ ኮርኒስ።

«ይህን ባትነግሪን እኮ አናውቅም ነበር» አሉ ከፈታኞቹ አንዱ።

«ልጆቹ ያውቃሉ» አለች።

ፈታኞቹ ተመካከሩ። ፈቃዱን ግን አልሰጧትም። «መጀመሪያ አስተካክለሽ ነይ» አሏት። ማኅደር ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። በሳምንቱ ከአናጢዎች ጋር ወደዚያች ከተማ ተመለሰች። የተገኘው ቀርከሃ ከትምህርት ቤቱ አራት ክፍሎች ለሁለቱ ብቻ በቃ። በእነዚያ በሁለቱ ዛሬ ዝናብ ሲዘንብም ይማራሉ፤ የቀሩት ሁለቱ ገና ይጠብቃሉ። ፈቃዷን ያገኘችው በዓመቱ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ሙያውን ያስተምረናል፤ ፈተናም ማወቃችንን ይመዝናል። ሥራችን ለሰው ምን እንደሆነለት የሚያውቀው ግን በውስጡ የሚውለው ሰው ነው። እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ለምዶት ዝም ይላል፤ ይባስ ብሎም ይመርቀናል። ስለዚህ ምርቃቱን ከመቀበላችን በፊት ሄደን አጠገቡ እንቀመጥ።

እርስዎስ? ከሠሩት ነገር ሥር ለምዶት ዝም ያለ ሰው ይኖር ይሆን?