ይግዛው ማረሻውን ያስቀጠለ ዕለት

በእኛ አካባቢ ሰው ያልደከመበትን ነገር ሲያማርር ሽማግሌዎች የሚሉት አንድ አባባል አለ። የመጣው ከአንድ ቀጥቃጭና ከአንድ ገበሬ ነው ይባላል።

ገበሬው ይግዛው ለአገሩ አዲስ ነበር። ጫፉ የተሰበረ ማረሻውን ይዞ ወደ ቀጥቃጩ ባዬ ዘንድ ሲመጣ፣ ባዬ ከወናፉ አጠገብ ቁርበት ዘረጋለት። በዚያ አገር ልማድ ማረሻ ያመጣ ሰው ወናፉን ራሱ ይነፋል። ይግዛው ግን የእንግዳ ክብር መስሎት ቁርበቱን አነሣና ግራሩ ጥላ ሥር ወስዶ ተጋደመበት።

“አያ ይግዛው፣ መቀመጫህ እዚህ ነው እኮ” አለው ባዬ። “ሌላ ጊዜ የምታግዘኝ ሚስቴም ወገቧን አሟት ተኝታለች። እኔ ልቀጥቅጥ፣ አንተ ንፋልኝ።”

“እኔ? አመድ ላይ ተቀምጬ? ሰው ቢያየኝ ምን ይለኛል! ይልቅ ቶሎ በል። ያለኝ አንድ በሬ ነው፤ ማቀናጃ በሬ የተዋስኩት ለነገ ብቻ ነው። ነገ ካላረስኩ ልጆቼ ምን ይበላሉ?”

ባዬ ከንጋት ጀምሮ ማጭድ ሲቀጠቅጥ ውሎ ክንዱ ዝሏል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ብረቱ እንደ ሰም ሲለሰልስለት ድካሙ ይጠፋለት ነበር፤ የጨረሰውንም በመዶሻ መታ መታ አድርጎ ድምፁን ይሰማና ብቻውን ፈገግ ይላል። ያን ቀን ግን አንዴ ወደ ወናፉ፣ አንዴ ወደ መዶሻው ሲል ብረቱ እየበረደ አስቸገረው።

“ቀላ እኮ! ምን ትጠብቃለህ?” አለ ይግዛው ከተጋደመበት።

“መቅላቱ አይበቃም፤ ካልነጣ አዲሱ ቅጥያ ከአሮጌው ብረት ጋር አይያያዝም።”

“አንተ ሰው፣ ማረሻ ነው ወይስ የሙሽራ ጌጥ የምትሠራልኝ? ምታና ስጠኝ!”

ባዬ የሚከራከርበት አቅም አልነበረውም። መታና ሰጠው። ድምፁንም አላዳመጠ።

በማግስቱ ይግዛው ገና ጥቂት ትልም እንዳወጣ ቅጥያው ወልቆ አፈር ውስጥ ቀረ። ሲቆፍር፣ ሲፈልግ ዋለ። ማታ በሬውን ያዋሰው ሰው መጥቶ ነድቶት ሄደ።

ይግዛው ባዬን እየጎተተ ወደ ሽማግሌው አባ ውባለም ወሰደው።

“ይህ ሰው መሬቴን ጦም አሳደረው! ይካሰኝ!”

ሽማግሌው ባዬን አዩት፤ እንደ ቆመ ያንቀላፋል። ወደ ይግዛው ዞሩ።

“ብረቱ ሲግል ወናፉን ማን ያዘ?”

“እሱው ነዋ። እኔማ ጥላ ሥር ነበርኩ።”

አባ ውባለም ኩታቸውን ሰብስበው ተነሡና “እንግዲያው ወደ ቤትህ ግባ ልጄ፤ ወናፍ ያልነፋ በማረሻው አይከፋ” አሉት።