የደጋ ቤት በቆላ

አንድ ሰው ነበረ። «ሁለቱንም ልጆቼን በአንድ ዓይነት ነው የማሳድጋቸው፤ ታናሺቱ ለምን እንዲህ ሆነችብኝ?» ያልሽኝን አልረሳሁም ልጄ፤ እመለስበታለሁ። በመጀመሪያ ግን ስለዚህ ሰው ስሚ።

ሰውየው ደገኛ ነው። ያደገበት የአባቱ ቤት ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ፣ ዝቅ ያለ የሣር ክዳን፣ መዳፍ የምታህል አንዲት መስኮት ነበረው። ውጭ ውርጭ ሲወርድ እነሱ በአንድ ጉማጅ እንጨት ሞቋቸው ያድሩ ነበር። ሲያገባ ሰሊጥ ሊዘራ ሚስቱን ይዞ ቆላ ወረደ። የወረደበት አገር ሌሊቱም አይበርድም። የአገሬው ሰው ቤት ከቀርከሃ የተሠራ ነው፤ ጣራው ከፍ ያለ፣ ግድግዳው ያልተመረገ፣ ነፋስ በአንዱ ወገን ገብቶ በሌላው የሚወጣበት።

«ይሄማ የዶሮ ቆጥ ነው» ብሎ ሳቀ። ድንጋይ አስፈልጦ ልክ የአባቱን የመሰለ ቤት አሠራ። ሣሩን ብቻ በቆርቆሮ ለወጠው።

ሚስቱ እዚያ ቤት ውስጥ ወለደች። አራስን ብርድ እንዳይመታት መጠበቅ የደጋ ሥርዓት ነው። በሩ ተዘጋ፤ መስኮቲቱ በጨርቅ ተወተፈች፤ ምድጃው ነደደ፤ በላይዋ ጋቢ ተደረበ። ሴትዮዋ ትታገሣለች። ላቧ በጀርባዋ ይወርዳል፤ ሕፃኑም ገላው ሽፍ ብሎ ያለቅሳል።

«ኧረ በናትህ መስኮቷን እንኳ ክፈታት።»

«አራስ ነሽ እኮ! ነፋስ ቢመታሽስ?»

«የት አግኝቼው!»

ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው። ከተማ ሄዶ ጀነሬተርና ቬንትሌተር ገዝቶላት መጣ። ጀነሬተሩ ናፍጣ እየጠጣ ቀኑን ሙሉ ያገሳል፤ ቬንትሌተሩ የታፈነውን ትኩስ አየር እንደ ወጥ ያማስላል። ናፍጣው ሲያልቅ ሌላ በርሜል ይመጣል። ጥፋቱ አንዴ የግንበኛው ነው፤ አንዴ የቆርቆሮው፤ አንዴም የሚስቱ። «እናቴ ሁላችንንም የወለደችው እንዲህ ባለ ቤት ነው፤ አንድ ቀን አልተነጫነጨችም» ይላታል። የቤቱ ጥፋት ግን ፈጽሞ አይሆንም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሕፃኑ ለቅሶውን አቆመ።

«አየሽ፣ ለመደ!» አለ አባትየው ደስ ብሎት።

እናቲቱ ጡቷን ሰጠችው፤ አልያዘም። ከንፈሩ ደርቋል። ዓይኑንም አይገልጥም።

ያን ጊዜ ትዕግሥቷ አለቀ። «እመቤቴ ሆይ፣ ይቅር በይኝ» ብላ፣ ልጇ ክርስትና ሳይነሣ፣ እሷም አራስነቷን ሳትጨርስ፣ ታቅፋው ወጣች። ባሏ «ኧረ ሴትዮ! ኧረ ነፋስ!» እያለ ይከተላታል። እሷ ጎረቤት ገብታ ከቀርከሃው ግድግዳ ሥር ጋደም አለች። ጎረቤቲቱ ነጠላዋን በውሃ ነክራ የሕፃኑን ገላ አበሰችለት። ነፋሱ በቀርከሃው መሐል ሹልክ እያለ ይገባል። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ሕፃኑ አፉን ከፍቶ ጡቷን ፈለገ።

አባትየው አለቀሰ። ከዚያም ድጅኖ አንሥቶ ሄዶ የራሱን ቤት ግድግዳ በሁለት ወገን ነደለው። ነፋስ ገባ፤ ጀነሬተሩም ዝም አለ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት! እሱ እቴ! በዓመቱ ሚስቱንና ልጁን ይዞ አባቱን ሊጠይቅ ደጋ ወጣ። ሽማግሌው ገበያ ውለው ሲመለሱ ግድግዳቸው በሁለት ወገን ተነድሏል፤ ልጃቸው ድጅኖውን ተደግፎ ቆሟል።

«አባባ፣ ቤት ማለት ነፋስ ነው! በልጄ አይቼዋለሁ።»

ሽማግሌው ለክረምት ያከማቹትን ማገዶ በአንድ ሰሞን አንድደው ጨረሱት፤ ጥርሳቸው ግን መንገጫገጩን አልተወም። ሚስቲቱ ባሏን አየችው፣ አየችውና፣ «ኧረ አንተ ሰው፣ ድጅኖ ከማንሣትህ በፊት ደጅ ወጥተህ ብርድ ነው ሙቀት ብትል ምን አለበት?» አለችው።

እንግዲህ ልጄ፣ ያ ሰው አንቺ ነሽ፤ አትቆጪ። ትልቁ ልጅሽ ደጋ ነው፤ ካልሰበሰቡት የሚበርደው። ቁጣሽና ደንብሽ ግድግዳ ሆኑለት፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው ሆነ። ታናሺቱ ቆላ ናት፤ ከውስጧ የምትነድ። እሷንም በዚያው ግድግዳ ዘጋሽባት። ታፍና ስትነጫነጭ ምክር ትጨምሪላታለሽ፤ ባይበጅ ሌላ ምክር፤ ያ ሁሉ ናፍጣ ነው። ግድግዳሽስ ደህና ነው፤ አገሩን ሳትጠይቂ አቆምሽው እንጂ። ደግሞ እሷን አየሁ ብለሽ ሮጠሽ የትልቁን እንዳትንጂበት፤ አውቅሻለሁ።

«አሁንስ ዝም ብላልኛለች» አላልሽኝም? ያ ሕፃንም ዝም ብሎ ነበር። በይ ተነሺ፤ ሂጂና በሩን ክፈቺላት።