ኮሰረትና የአጥር አበባ

አንዲት ሴት ነበረች። ስሟን አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁ ግማሻችሁ ዘመዴ ናት ትላላችሁ፣ ግማሻችሁ ደግሞ ከዚህ ስትወጡ ታሟታላችሁ።

ከቡታጅራ ብዙ በማትርቅ ከተማ ትኖራለች። ቅቤ በማንጠር የታወቀች ናት። ሠርግ ሲኖር፣ ተዝካር ሲኖር፣ አራስ ሲኖር፣ "እሷ ታንጥርልን" ይባላል። የእሷ ቅቤ ዓመት ቢቀመጥ ጠረኑ አይለወጥም ይሉላታል።

ምስጢሯ ኮሰረት ነው። ታውቁታላችሁ፤ ቅቤ ሲነጠር የሚገባው ቅጠል። ከጓሮዋ አጥር ሥር ራሷ ተክላዋለች። ድስቱ ውስጥ ከመጨመሯ በፊት አንድ ልማድ አላት፦ እያንዳንዱን ዘለላ በጣቶቿ መሐል አሸት ታደርግና ወደ አፍንጫዋ ታስጠጋለች። ታሸታለች። ራሷን ትነቀንቃለች። ከዚያ ነው የምትጨምረው። ሴቶቹም ቆመው ያዩዋታል። እሷ ካሸተተችው በኋላ ማንም አይጠይቅም።

ይህች ሴት ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ ሆቴል በር ላይ አበባ አየች። በአንድ ራስ ላይ ቢጫም፣ ሮዝም፣ ቀይም። የወፍ ቆሎ የሚሏት አሉ። ቆንጆ ናት፤ ውበቷን አልክድም። ቅርንጫፍ ለምና አመጣችና ከኮሰረቱ ጎን ሰካቻት። አበባዋም ያዘች፣ ሰፋች፣ አጥሩን ሞላችው። መንገደኛው ሁሉ እየቆመ አደነቀ።

ግን አበባዋ መርዝ ናት። የጎረቤት ጊደር ቅርንጫፏን በልታ ዐይኗ ቢጫ ሆነ፣ የአፍንጫዋ ቆዳ ተላጠ፣ በሳምንቷ ሞተች። ሴትዮዋ ይህን በዐይኗ አይታለች። "እነቅላታለሁ" አለች። አልነቀለቻትም፤ ከርክማ ተወቻት። ለምን? ታምራለቻ! እናንተስ፣ የሚያምር ነገር ከአጥራችሁ ነቅላችሁ ታውቃላችሁ?

አሁን ልብ በሉ። አበባዋ ከተከረከመች በኋላ አዲስ ያቆጠቆጠው ቅጠሏ ኮሰረትን ይመስላል። ያው ሸካራ ነው፣ ጠርዙም ያው እንደ መጋዝ ነው። የሁለቱ ቅርንጫፍ አጥሩ ላይ ተጠላልፏል። በምን ትለዩአቸዋላችሁ? በጠረናቸው። ኮሰረት ሲታሽ ቤቱን ያውደዋል፤ ያቺ ስትታሽ የድመት ሽንት ትሸታለች። አፍንጫ ያለው ሰው አይሳሳትም።

አፍንጫ ያለው ሰው አልኩ።

ሴትዮዋ በክረምቱ ከባድ ጉንፋን ይዟት ሁለት ሳምንት ተኝታ ነበር። ከአንድ ነገር በቀር ሁሉም ዳነላት። ማሽተት አልቻለችም። ሽንኩርት ብትል ምንም፤ ጭስ ብትል ምንም። ነገ ይመለሳል አለች፤ አልተመለሰም። ለማንስ ትንገር? "ቅቤ አንጣሪዋ ማሽተት አቃታት" ይባል? ደበቀችው። ድስቱ ጋ ስትቆም እንደ ድሮው ቅጠሉን ታሻለች፣ ወደ አፍንጫዋ ታስጠጋለች፣ ራሷን ትነቀንቃለች። እጇም ራሷም ሥራቸውን አልረሱም። አፍንጫዋ ብቻ ነው የሌለው።

ልጇ ዘርፌ ትባላለች። ዘርፌ ሰባት ዓመት ሙሉ አልቅሳ ለምና ወለደች። በአሥረኛው ቀን የሰፈሩ ሴቶች ገንፎ ሊበሉ፣ ሕፃኑን ሊመርቁ ተጠሩ። እናትየው ከማለዳ ጀምራ ቅቤውን አነጠረች፣ አጠለለች፣ በማሰሮ አስቀመጠች። የልጅ ልጇን አቅፋ የምትመረቅበት ቀን ነውና ደስታዋ ወሰን አልነበረውም።

ጎረቤቷ እታፈራሁ ገንፎውን እያማሰለች ነው። እናትየው የፈሰሰውን ቅጠል ከወለሉ ላይ ልትለቅም ጎንበስ አለች። አንዲት ጭራሮ አነሣች። ወጋቻት።

ጣቷን አየች። ጭራሮዋን አየች። ጥቃቅን እሾህ፣ እንደ ድመት ጥፍር የተቆለመመ።

ኮሰረት እሾህ የለውም።

ወደ ማጥለያው ሮጠች። ቅጠሉ ተቀቅሎ፣ ጠቁሮ፣ አንድ ላይ ተጣብቋል። የትኛው የትኛው ነው? አንሥታ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ሳበች። እንደገና ሳበች። ምንም።

"ቅቤውን አምጪ እንጂ!" አለች እታፈራሁ። "ገንፎው ሊቀዘቅዝ ነው!"

"መጣሁ" አለች። አልመጣችም። ቆማ አሰበች። *አንዲት ጭራሮ ናት። ደግሞም ፈልቷል። ደግሞም ጠልሏል። ደግሞስ ጭራሮዋ ከአጥሩ በሰው እግር ተጎትታ ገብታ ቢሆንስ?* "እስቲ አሽትቺልኝ" ብላ እታፈራሁን መጥራት ትችላለች። ሁለት ቃል ነው። ግን እታፈራሁ "አንቺስ?" ብላ ብትጠይቃት ምን ትመልሳለች?

ወገኖቼ፣ ይህችን ደቂቃ ታውቋታላችሁ? እኔ አውቃታለሁ።

እሷ ስታስብ እታፈራሁ ማሰሮውን ራሷ አነሣች። የገንፎውን መሐል ሰርጎድ አድርጋ ቅቤውን ቀዳችበት። በርበሬ ነሰነሰችበት። ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። እናትየው ከኋላዋ ተከተለች። ሴቶቹ ዙሪያውን ተቀምጠዋል። ሕፃኑ ጡት ይዟል።

"ለአራሷ ይቅደምላት!" አሉ።

ዘርፌ እየሳቀች ቆረሰች። ቅቤው ውስጥ አጠቀሰች። ወደ አፏ አስጠጋች።

"አትብዪ!"

እናትየው የልጇን እጅ ጨምድዳ ያዘች። ቅቤው በነጠላዋ ላይ ፈሰሰ። ሕፃኑ ደንግጦ አለቀሰ።

"እማዬ! ምን ሆንሽ?"

ሴቶቹ ሁሉ አዩአት። እጇን ወደ እታፈራሁ ዘረጋች፤ ያንን የተቀቀለ ቅጠል እንደ ጨበጠች ነበር።

"እታፈራሁ፣ እባክሽ እጄን አሽትቺልኝ። እኔ ማሽተት ከተሳነኝ አምስት ወር ሆነኝ። ውሸቴን ነው የማሸተው። የልጄ ነገር ሲሆን አልቻልኩም።"

እታፈራሁ ጎንበስ ብላ አሸተተች። ፊቷ ጠቆረ።

"ያቺ አበባ ናት" አለች። ከዚያ ተቀመጠች፤ እሷም ማልቀስ ጀመረች። "ቅቤውን ስቀዳው ሸቶኝ ነበርኮ። ባለፈውም፣ በሠርጉ ጊዜ፣ አብሹ ማረሩ ሸቶኝ ነበር። አንቺ አሽትተሽዋል ብዬ፣ አፍንጫዬን ተጠራጥሬ ዝም አልኩ። በአንቺ ላይ እኔ ማነኝ ብዬ!"

ቅቤው ጉድጓድ ተቆፍሮ ተቀበረ። ገንፎው እንደ አዲስ ተሠርቶ በተልባ ተበላ። እልልታው ዘገየ እንጂ አልቀረም። ሴቶቹ ከሄዱ በኋላ እናትየው ዶማ ይዛ ወደ አጥሩ ወጣች፤ ያቺን አበባ ከነሥሯ ነቀለቻት፣ እጇ እየደማ።

ዛሬም ቅቤ ታነጥራለች። ድስቱ ጋ እታፈራሁ አብራት ትቆማለች። አንዷ ታሻለች፣ አንዷ ታሸታለች።

እንግዲህ ወደ እናንተ ልምጣ። አበባዋን ተዉአት፤ መርዝ ሁልጊዜም ከአጥራችን አይጠፋም፣ ሲያምርም ይኖራል። እኔን የሚያስፈራኝ የዚያች ሴት ራስ መነቅነቅ ነው። ከውስጧ የሞተውን ነገር እጇ በሕይወት እንዳለ አስመስሎ መሥራቱ ነው። እናንተስ? ጸሎት ላይ ትቆማላችሁ፤ ከንፈራችሁ ይንቀሳቀሳል። ልጆቻችሁን ትመክራላችሁ፤ ቃሉን በቃላችሁ ይዛችሁታል። ለመሆኑ ይሸታችኋል? ክፉው ከመልካሙ ይለይላችኋል? ወይስ ማሽተቱ ከቆመ ቆይቷል?

አንተ ወንድሜ፣ ጎረቤትህን አትይ። አንተን ነው።

እታፈራሁንም አትርሱ። እሷ ሸቷት ነበር! አክብራ ዝም አለች። በአክብሮት ስም ስንት ሰው ስንት መርዝ ሲቀዳ አይተን ዝም ብለናል? እኔ እዚህ ቆሜ ራሴን ስነቀንቅ ታዩኛላችሁ። የሸተታችሁ ነገር ካለ፣ እባካችሁ፣ በሰው ፊትም ቢሆን ንገሩኝ። አፍራለሁ፤ ግን እድናለሁ።

ያቺ እናት ስሟን አጣች፤ ልጇን አላጣችም። ብትዘገይ ኖሮ የሚጠፋውን ታውቁታላችሁ።

ዛሬ ቤታችሁ ትገባላችሁ። ማዕድ ይቀርባል። ከእጃችሁ ሊበላ የሚጠብቅ፣ እናንተ አሽትታችሁታል ብሎ የሚያምን፣ አንድ ሰው አለ። እሱ ከመቁረሱ በፊት እጃችሁን ለአንድ ሰው ዘርጉና "አሽትትልኝ" በሉት።