የመተሐራ ፀሐይ

አንድ ሰው ነበረ። ስልክ ነበረው።

ምን ያስቃችኋል? እናንተም አላችሁ። እንዲያውም አሁን እኔ እየተናገርኩ ከነጠላችሁ ሥር የምትነካኩ አላችሁ፤ አይታየውም ብላችሁ ነው። ለማንኛውም አስቀምጡትና ስሙኝ፤ ነገሩ የእናንተው ነው።

ይህ ሰው የምንጃር ገበሬ ነው። ስሙን ሸዋንግዛው እንበለው። ክፉ ሰው አይደለም። ጾሙን ይጾማል፣ ማኅበሩን ይጠጣል፣ ለቅሶ ቤት ከማንም ቀድሞ ይደርሳል። የወንፈሉም አለቃ እሱ ነው። ወንፈል ታውቃላችሁ፤ ዛሬ ተሰብስበን የአንተን እናጭዳለን፣ ነገ የእሷን፣ ከነገ ወዲያ የእኔን። ታዲያ ተራ የሚያወጣ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ሸዋንግዛው ነው።

ትርንጎ የምትባል ልጅ አለችው፤ አዳማ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ስልኩን የገዛችለት እሷ ናት። የአየር ጠባይ የሚናገር ገጽም ከፈተችለት። አጠገቡ ቁጭ ብላ አስተማረችው እኮ! አባዬ፣ ይህ በመቶ የሚለው የመዝነቡን ዕድል ነው፤ ሃያ ካለ ላይዘንብ ይችላል፣ ሰማንያ ካለ ግን ተዘጋጅ። የቅርቡን ቀን እመን፣ የሩቁን አትመን። ማታ ያየኸውን ጠዋት ደግመህ እይ፣ ይለወጣል። ከሁሉ በፊት ግን ከላይ ያለችውን የቦታ ስም እይ፤ የሚነግርህ ስለዚያ ቦታ ብቻ ነው አለችው። ሰማ። ራሱን ነቀነቀ፤ ልክ እናንተ አሁን እንደምትነቀንቁት።

ከዚያ ወዲያ ሰውዬው መከራውን አየ። አገሩ በሙሉ ደጁ ላይ ነው። አንዱ መጥቶ፣ አርባ በመቶ ይዘንባል ሲባል ከማሳዬ አርባ በመቶው ላይ ነው ወይ፣ ከሆነስ የላይኛው ነው የታችኛው ይለዋል። አንዲቱ ኅዳር ላይ ቆማ የጥርን ሰማይ ንገረኝ፣ ልጄን የምድረው ያኔ ነው ትለዋለች። ሌላው ቱግ ብሎ ይመጣል፤ ይዘንባል አልከኝ፣ በርበሬዬን ሳላሰጣ ዋልኩ፣ ጠብም አላለ፣ ይህ ስልክህ ውሸታም ነው ይላል። ሃያ በመቶ ነው እኮ ያልኩህ ቢለው ማን ይሰማዋል? ደግሞ ሲዘንብ ዝናቡን ያመጣው እሱ ይመስል ይቆጡታል።

መጀመሪያ መጀመሪያ ልጄ እንዲህ ብላለች እያለ ያስረዳ ነበር። ሰው ግን ሲጠየቅ ሲጠየቅ አዋቂ የሆነ ይመስለዋል። ኋላ ኋላ ስልኩን ከኪሱ ሳያወጣ መልስ መስጠት ጀመረ።

አሁን ወይዘሮ ማናህሎሽ ትምጣ። ማናህሎሽ ጎረቤቱ ናት። ባሏ ሞቷል፤ ጉልበቷ ወንፈሉ ነው። ያላት አንድ ማሳ ነው፣ የዓመት ጉርሷም ከዚያ ነው። ጤፉ ታጭዶ ነዶው ማሳው ላይ ተኝቷል። ነዶ ተሰብስቦ ተከምሮ በሣር ከተከደነ ዝናብ አይደፍረውም። ሜዳ ላይ እንደተኛ ዶፍ ከወረደበት ግን ይጠቁራል፣ ይበቅላል፣ ከጭቃ ይለወሳል፤ የቀረውን ከብት እንኳ ደስ ብሎት አይበላውም።

የሸዋንግዛውስ ጤፍ? የእሱማ ድሮ ተከምሯል! ተራ አውጪ የራሱን ተራ መጨረሻ ሲያደርግ የት አይታችሁ ታውቃላችሁ?

የማናህሎሽ ተራ ሐሙስ ነበር። ረቡዕ የኅዳር ሚካኤል ነው፤ ሥራ የለም። ሐሙስ ማለዳ ወንፈሉ ቢገባ፣ ቀትር ሳይሆን ነዶው ይከመራል። ነገሩ ያለቀ ነበር። ግን በዚያው ሐሙስ ለትርንጎ ሽማግሌ ሊመጣ ሆነ። ደግ ነው፣ ይምጣ። ከሥራ በኋላ መቀበል ይቻላል። ሸዋንግዛው ግን ወንዱን ሁሉ ከማለዳው ጀምሮ ግቢው ውስጥ ፈለገው፤ ዳስ የሚጥል፣ በግ የሚያርድ፣ ነጭ ለብሶ ግራና ቀኝ የሚቆም። ባዶ ግቢ ሽማግሌ አይቀበልም አለ። ስለዚህ የማናህሎሽን ተራ ወደ ዓርብ ሊገፋው አሰበ። አንድ ቀን ምን አላት ብሎ።

ማክሰኞ ጠርቶ ነገራት። እሷም ደስ ብሏት ነው የሰማችው፤ ትርንጎን ያሳደገቻት ያህል ናት። ግን ሰማዩን ፈርታለች። እንዲህ አለችው፦

«ወንድሜ፣ እስቲ በዚያ ስልክህ እይልኝ። ሰማዩ ደህና ከሆነ ዓርብ ይሁን፣ ምን ቸገረኝ። ዝናብ ካለ ግን እኔ ሌላ የለኝም።»

እሺ ብሎ ወደ ቤት ገባ። ከፈተ። ሐሙስ፣ ከቀትር በኋላ፣ ጥቁር ደመና፣ ከሥሩ ጠብታ። ሰማንያ በመቶ። ስልኩን አጠፋና መልሶ አበራው። ሰማይ ስልክ አጥፍቶ በማብራት ይለወጣል? ያው ደመና ነው። ሌላ ገጽ ፈልጎ ከፈተ፤ ያኛው ሰባ አለ። ሁለት ምስክር! አንዱ ሰማንያ አንዱ ሰባ ቢል ምን ልዩነት አለው፣ ሁለቱም ነዶውን አንሡ እያሉ ነው። እሱ ግን፣ አያችሁ እርስ በርሳቸው እንኳ አይስማሙም አለና ደስ አለው።

ከዚያ ጣቱ ወደ ላይ ሄደች፤ የቦታው ስም ወዳለበት። ነካው። ደብረ ብርሃንን መረጠ፤ ዝናብ። ሌላ መረጠ፤ እሱም ዝናብ። ወደ ቆላ ወረደ፣ መተሐራን መረጠ። ክብ፣ ቢጫ፣ የምታምር ፀሐይ ወጣችለት።

እግዚኦ በሉ! ሰማዩን መቀየር ቢያቅተው አገር ቀየረ። ለራሱም ምክንያት አላጣም። መተሐራ እኮ ሩቅ አይደለም፤ ከኛ ገደል አፋፍ ላይ ቢቆሙ ቁልቁል ይታያል፤ ሰማዩስ ያው የእግዚአብሔር ሰማይ አይደል አለ። ምክንያት የጠፋበት ኃጢአተኛ እኔ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ወጣና ስልኩን ዘርግቶ አሳያት። የፀሐዩ ሥዕል እንጎቻ ያክላል፤ የቦታው ስም ፊደል ግን የጤፍ ፍሬ ነው የሚያክለው። ማናህሎሽ ፀሐዩን አየች። ዓርብ ይሁንልሽ አላት። እግዜር ይስጥልኝ፣ ለልጅህ የተባረከ ትዳር ይስጥልህ ብላ መርቃው ሄደች። መረቀችው እኮ! እሱም አሜን አለ። እንዴት ከአፉ እንደወጣለት እንጃ።

ረቡዕ ከሚካኤል ሲመለሱ አንድ ሰው በምሥራቅ በኩል የተቆለለውን ደመና እያሳየ፣ ይሄ ነገር አላማረኝም አለ። ሸዋንግዛው ስልኩን አወጣ። ፀሐይ። ሐሙስ ማለዳም ከፈተው። ፀሐይ። አያችሁ፣ አልተለወጠም ብሎ ለሰው ሁሉ አሳየ፤ ልቡም አረፈ።

እኔን የሚያበግነኝ ይህ ነው። ሰው ሰውን ሲያታልል አይቻለሁ፤ ያናድዳል፣ ግን ይገባኛል። በገዛ ጣቱ የቀየረውን ነገር በማግስቱ ራሱ ሲያምነው ግን ምን ትሉታላችሁ? እንዴት ይለወጥልህ፣ አንተ ሰው? መተሐራ ላይ ቸክለኸው! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል ነበር፤ ዛሬ ስልክም ተጨምሯል።

ሐሙስ ሽማግሌዎቹ መጡ። ዳሱ ተጥሏል፣ በጉ ታርዷል፣ ወንዱ ነጭ ለብሶ ቆሟል። ተቀመጡ፣ በሉ፣ ጠጡ። ገና ወደ ነገራቸው ሳይገቡ ነፋሱ የዳሱን ጫፍ ገለበጠው። ከዚያ አንድ ጠብታ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ያ የተነገረው ዝናብ በተነገረው ሰዓት ዶፉን አወረደው።

ወንዶቹ ነጭ ልብሳቸውን እንደለበሱ ወደ ማናህሎሽ ማሳ ሮጡ። እሷ ቀድማቸዋለች። ብቻዋን ናት። ነጠላዋን አውልቃ ነዶ ታለብሳለች። አንድ ነጠላ ስንት ነዶ ይሸፍናል? ከአንዱ አንሥታ ሌላውን ታለብሳለች፤ እሱን ስትሸፍን ያኛው ይርሳል። ያየ ሁሉ አለቀሰ። የቻሉትን ያህል ተሸክመው ከዛፍ ሥር አደረሱ፤ የሚበዛው ግን ጭቃ ውስጥ ቀረ።

ረጥበው ወደ ዳሱ ተመለሱ። አሁን ስድቡ በስልኩ ላይ ወረደ። ድሮም የፈረንጅ ነገር አሉ፤ ውሸታም ነው አሉ። ሸዋንግዛውስ ምን አለ? እኔ ምን ላድርግ፣ ያየሁትን ነው የነገርኳችሁ አለ። አፍ አውጥቶ የማይከራከር ዕቃ ላይ ማሳበብ እንዴት ይቀላል!

ለዚሁ ቀን ከአዳማ የመጣችው ትርንጎ ከሴቶቹ መካከል ሆና ትሰማለች። ስልኩን ያመጣችው እሷ ናት፤ ሲሰደብ እሷንም ያሳፍራታል። ምን ነክቶት እንደተሳሳተ ልትይ ከአባቷ እጅ ወሰደችው። አየችው። ቀና ብላ አባቷን አየች።

«አባዬ፣ ይህ እኮ የመተሐራ ነው። እኔ የኛን ቦታ አድርጌ ነበር የሰጠሁህ። ማን ቀየረው?»

ሸዋንግዛው መሬት መሬቱን ያያል። ማናህሎሽ በሩ ላይ ቆማለች፤ ጭቃው እስከ ጉልበቷ ነው። አልጮኸችም፣ አልተራገመችም።

«የመተሐራ ፀሐይ የእኔን ነዶ ያደርቅልኛል ወይ፣ ወንድሜ?» አለችው።

መልስ ካላችሁ ንገሩኝ።

ልጅ ሊጠይቁ የመጡት ሽማግሌዎች ተያዩና ተነሡ። ታላቁ ሽማግሌ ወደ እሱ ዞረው፣ አቶ ሸዋንግዛው፣ ዝምድናውን ኋላ እናወራለን፣ መጀመሪያ ከጎረቤትህ ታረቅ ብለው በትራቸውን አንሥተው በዝናቡ ውስጥ ወጡ። ያ ሁሉ ወንድ ግቢውን እንዲያሞቅ ነበር የተጠራው፤ አሁን ውርደቱን ቆሞ አየለት።

አሁን ደግሞ ካሳት ወይ ትሉኛላችሁ። ሁልጊዜ የምትጠይቁኝ ይህንኑ ነው። ካሳት። ከክምሩ ከፍሎ ሰጣት፣ ጉልበቷ ላይ ወድቆ ይቅርታ ለመነ፣ እሷም ማረችው። ሽማግሌዎቹም ተመልሰው መጡ፣ ትርንጎ ተዳረች። ደስ አላችሁ? አዎ፣ ፊታችሁ ፈካ። ስለ ሸዋንግዛው ስትጠይቁኝ አንደኛ ናችሁ፤ ስለ ራሳችሁ ግን አንድ ቀን ጠይቃችሁኝ አታውቁም።

እኔ ልጠይቃችሁ እንግዲህ። ከመካከላችሁ ቦታ ያልቀየረ ማን ነው?

የንስሐ አባትህ ወንድምህን ሳትታረቅ ወደ ቁርባን አትቅረብ አሉህ። ምን አደረግህ? ወንድምህን ታረቅህ? የለም፤ ሌላ የንስሐ አባት ፈለግህ። እሳቸውም ያንኑ ሲሉህ ወደ ሦስተኛው ሄድህ። አንቺስ፣ ሽማግሌ ከምራትሽ ጋር በተጣላሽበት ጥፋቱ የአንቺ ነው ሲልሽ ሌላ ሽማግሌ አላስቀመጥሽም? ሐኪሙ መጠጡን ተው ሲለው ሐኪም የቀየረ እዚህ የለም? አለ፤ አሁን አንገቱን ደፍቷል። ደመናውን ስታዩ ንስሐ አትገቡም፣ ፀሐይ የምታሳያችሁን ከተማ ትፈልጋላችሁ።

ደግሞ ልብ በሉ፤ የመተሐራ ፀሐይ ውሸት አልነበረችም። እውነተኛ ፀሐይ ናት፣ ለመተሐራ። እግዚአብሔር ይቅር ባይ ነው ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ ይቅር ባይ ነው። ግን ያ ቃል እያለቀሰ ለተመለሰው ሰው የተነገረ ነው፤ እናንተ ሳታለቅሱም ሳትመለሱም ወስዳችሁ በራሳችሁ ላይ ትለጥፉታላችሁ። የሌላውን ሰው ምሕረት አንብባችሁ የራሳችሁን በደል ታስተኛላችሁ። ከላይ የማን ስም እንደተጻፈ መቼ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ሜዳ ላይ የተኛው የራሱ ነዶ ቢሆን ኖሮ ሸዋንግዛው ቦታ ይቀይር ነበር? ወይ ሞት! ሰማንያ በመቶ ሳይል፣ አምስት በመቶ ቢል ሚካኤልን ይቅር በለኝ ብሎ በበዓል ቀን ይሰበስብ ነበር። ስለ ራሳችን ጤፍ ስንጠይቅ እውነቱን እንፈልጋለን። ስለ ሌላው ሰው ጤፍ ስንጠይቅ ነው ፀሐይ የምንመርጠው።

የእናንተ ማናህሎሽ ማን ናት? አለች። ለእያንዳንዳችሁ አለች። ዓርብ ይሁንልሽ ያላችኋት፣ እሷም ያመነቻችሁ፣ የመረቀቻችሁ። እናትህ ናት? ደመወዟን የያዝሽባት ሠራተኛሽ ናት? ድረሱልኝ ብሎ ልኮባችሁ፣ ከበዓል በኋላ ያላችሁት በሽተኛ ነው? እናንተ ዳስ ጥላችሁ ትበላላችሁ፤ እሷ ሰማይ ሰማዩን እያየች ትጠብቃችኋለች።

አሁን ስትወጡ ከደጀ ሰላሙ ሳትርቁ ስልካችሁን እንደምታወጡ አውቃለሁ፤ ደክሞኛል፣ አልከለክላችሁም። ግን ዝናብ አለ ወይ ብላችሁ እኔን አትጠይቁኝ። አለ። የሚዘንበው እሷ ላይ ነው። ዛሬ ሐሙስ ነው በሉና፣ ነጭ ልብሳችሁን እንደለበሳችሁ ሂዱ፤ ገና ነጠላዋን ሳታወልቅ ድረሱላት።