የባይህ ምንሽርና ሁለቱ መልእክቶች

በአንድ ወቅት፣ ከበረሃው አፋፍ ላይ፣ ባይህ የሚባል ገበሬ ነበር። ሁለት ወንድ፣ አንዲት ሴት ልጅና አንድ ምንሽር ጠመንጃ ነበረው። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ፣ ያበደ ጅብ ማሳው ገብቶ ክንዱን ነከሰው። አልለቅም አለ።

ታላቁ ልጅ አለልኝ ምሳር ይዞ ደረሰ። የመጀመሪያው ምት ስቶ የራሱን ቅልጥም ሰነጠቀው። እያነከሰ ሦስት ጊዜ የጅቡን አንገት መታ። መንጋጋውን በምሳሩ እጀታ ፈለቀቀው።

ባይህ ደሙን አየ። ያበደ አውሬ የነከሰው ሰው ከዋርካ ታስሮ እንደሚሞት ያውቃል፤ የገዛ ወንድሙን ያሰረው እሱ ነበር። «ከዚህ ያተረፈኝ ልጅ ምንሽሬን ይውረስ» አለ።

መካከለኛው ሽባባውና ታናሿ ውዴ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ ወጡ። ሽባባው አዲስ አበባ፣ ለጤና መሥሪያ ቤቱ ደወለ። መልእክት ገባለት፦ «ቁስሉን በሳሙና ሩብ ሰዓት እጠቡ። ለክትባት ጉድባ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።» ወርዶ የተቦጨቀውን ሥጋ አሸ። ባይህ ስቃዩ ሲበዛበት በቡጢ ጥርሱን አረገፈለት። ሽባባው ደሙን ተፍቶ ማሸቱን ቀጠለ። ከዚያ አባቱን በበቅሎ ጭኖ ወደ ጉድባ ነዳ።

ውዴ የደወለችው ለቀበሌው ጤና ኬላ ነው። ዘግይቶ የገባላት መልእክት ደግሞ «ጉድባ ክትባት አልቋል። ወንቃ ጤና ጣቢያ ውሰዱት» አለ። የላይኛው የታችኛውን አይሰማ፣ የታችኛው ለላይኛው አይነግር። ሮጣ መንገዱን ዘጋች።

«ዞር በይ! አዲስ አበባ ያዘዘውን የቀበሌ ነርስ ልትሽረው ነው?»

«ሂድ እንግዲህ፣ መቆፈሪያም ያዝ!»

በሽመል መታት። በድንጋይ ግንባሩን ፈለጠችውና በቅሎዋን ወደ ወንቃ አዞረች። መርፌው እዚያ ነበር። ባይህ ዳነ።

ቁስሉ ሲጠግግ ሦስቱም ደጁ ቆሙ።

«ጅቡ ጉሮሮው ላይ ቢደርስ ምኑን ታጥቡት ነበር?» አለ አለልኝ።

«ባላጥበው መርዙ መርፌውን ይቀድመው ነበር» አለ ሽባባው በባዶ ድዱ።

«አጥበህማ ወደ መቃብር ስትነዳው ደረስኩ» አለች ውዴ።

«ደሞ ሴት ምንሽር ትይዛለች?» አለ ሽባባው።

«ድንጋይ ስይዝ እንዴት ነበርኩ፣ ወንድም ጋሼ?»

ምሳርና ሽመል ተነሣ። ባይህ ምንሽሩን አቀባብሎ መሀላቸው ገባ። ቃል ሰጥቷል፤ ቃሉን አይበላም። ለአንዱ ቢሰጥ ሁለቱ ይነሡበታል። ዝም ቢል ሦስቱ ይተላለቃሉ።

እሱ እንደቆመ ነው። እናንተ ተቀምጣችኋልና ፍረዱ፦ ምንሽሩ ለማን ይገባል?