ሞተር፣ ብሎንና የበረባሶዋ ጎማ

ይህን ያጫወቱኝ የጓሮ ጎረቤቴ እትዬ አስካለች ናቸው፤ እሳቸውም ከእናታቸው ነው የሰሙት። እናንተ ብቻ ጆሮ ስጡኝ፣ እኔስ ምላሴ ዝግጁ ነው።

ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን ጋሽ ድንበሩ የሚባሉ በያጅ ግቢያቸው ውስጥ በገዛ እጃቸው አውሮፕላን ሠሩ። ሚስታቸው ማንጠግቦሽ ግን «እስከ ፋሲካ ካልበረረ አስቆርጬ የግቢ በር አሠራበታለሁ!» ብላ ማለች። ይሄን ሲሰማ የአውሮፕላኑ አጥንት የሆነው ብረት ጭንቅ ያዘው።

ሞተር ከአሮጌ መኪና የወጣ ጉረኛ ነበር። እሱን ከብረት ጋር ሊያስር የመጣው ብሎን «ለኔ ይተዉት! እኔ ከያዝኩ ማን ይነቃነቃል?» አለ። ጋሽ ድንበሩ ሞተርን ብረት ላይ በብሎን ጥፍንግ አድርገው አሰሩት። ሞተር ተነሳ፤ ድርድርድር! ብሎን ተፈቶ ዱብ።

በያጅ መቼም ከብየዳ ሌላ መድኃኒት አያውቅም። ሞተርን ከብረት ጋር በየዱት። ሞተር ተነሳ፤ ድርድርድር!

«ኧረ ወገቤን! ተሰነጠቅሁ!» አለ ብረት።

«ምን ላድርግ፣ ካልተንቀጠቀጥኩ አልሠራ!» አለ ሞተር።

«መጋዙን አምጡልኝ!» አለች ማንጠግቦሽ።

ይሄኔ ከበረባሶ ጫማ የተረፈች የጎማ ቁራጭ ከጥግ «እስቲ እኔን መሃላችሁ አስገቡኝ» አለች።

«አንቺ የጫማ ትራፊ! እኛ ያቃተንን?» አለ ብሎን።

«እናንተማ ማነቅ እንጂ ማባበል መች ታውቁና!»

ጋሽ ድንበሩ ሌላ ምን ቀራቸው! ብየዳውን ቆርጠው ከብረት ላይ የተሰነጠቀውን ቱቦ በአዲስ ቀየሩ፤ ጎማን ቆራርጠው በሞተርና በብረት መሃል አስገብተው በብሎን አሰሯት። ብሎን በቅናት ሊጨፈልቃት ሲጠብቅባት ጊዜ «ቀስ! መተንፈሻ ካልተውክልኝ እኔም እንዳንተ ድንጋይ ነኝ!» አለችው። ብሎን ማንጠግቦሽ እጅ ላይ ያለውን መጋዝ አየና ለቀቅ አደረጋት።

ሞተር ተነሳ። ጮኸ፣ ፎከረ፣ ተንቀጠቀጠ። ጎማ ንዴቱን ሁሉ ዋጥ አደረገችው፤ ብረት ዘንድ የደረሰው የድመት ማንኮራፋት የምታህል ንዝረት ብቻ። አውሮፕላኑ ሜዳውን ሮጠ፣ ሮጠ፣ ከዚያ ወደ ላይ እብስ! ሰፈሩ በእልልታ ቀለጠ። ከሁሉ አብልጣ እልል ያለችው ማን መሰለቻችሁ? ማንጠግቦሽ፣ መጋዟን እንደያዘች!

ጨምድዶ ከያዘ ይልቅ መሃል ገብቶ የቻለ ቤት ያቆማል።

ጋሽ ድንበሩ በረሩ። ማንጠግቦሽ የእንጨት በር አሠራች። ሞተር እስከ ዛሬ ይጮሃል። ብረት ዳግም አልተሰነጠቀም። ብሎን እንደያዘ ነው። ጎማም መሃላቸው ናት።